የፋሲካው ቅቤ

ዳኛ ሀብቱ የቆዳ ነጋዴው ሚዛን ላይ ሲወጡ ጣውላው ሲጥ አለ። ዙሪያውን የከበበው ገበያተኛ ጸጥ አለ። ነጋዴው ቢሻው የሚዛኑን ብረት ወደ ቀኝ ገፋ፤ አልበቃም። ሌላ ክብደት ጨመረና እንደገና ገፋ። በመጨረሻ ቀና ብሎ እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ጮኸ።

"አንድ ኩንታል ከሠላሳ አንድ ኪሎ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። "ይጨምርልዎ ጌታዬ!" አለ ከባንጃ ድንች ጭኖ የመጣ አንድ ገበሬ። ሌላው ደግሞ፣ "ዳኛ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! የፊተኛውን ታስታውሳላችሁ? ቀበቶው ሁለት ጊዜ ነበር የሚዞረው" ብሎ ሰዉን አሳቀው።

ሚስታቸው ዋጋዬ ከሰዉ ኋላ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ሣቀች። ከተጋቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ያኔ ሀብቱ ጉግስ የሚጫወቱ፣ የጎናቸው አጥንት የሚቆጠር ጎረምሳ ነበሩ። ዛሬ ፈረስ አይችላቸውም፤ ከበቅሎ በቀር የሚሸከማቸው የለም። እንዲህ ያደረገቻቸው እሷ ናት። እንጅባራ ብርድ ነው፣ ብርድ ደግሞ ቅቤ ይወዳል ትላለች። አንድ ልጃቸውን ውዴን ጫግኒ ከዳረች ወዲህ ጓዳዋ የሚሠራው ለሳቸው ብቻ ነበር። ሰው ባሏን አይቶ "ወይ ሙያ!" ሲል የሚያመሰግነው የሷን እጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋናም አትፈልግም።

ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሣቀ አንድ ሰው ነበር። ደርበው ይባላል። ጎንደር ጤና ተምሮ ዳንግላ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው። ማዕረጉ ጤና መኮንን ቢሆንም ሰዉ "ሐኪሙ" ነው የሚለው። በገበያ ቀን ከዳንግላ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይመጣና በቢሻው መጋዘን በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል። ቁስል ያጥባል፣ ዓይን ያያል፣ የወባ ክኒን ይሰጣል። ይህ ሁሉ የተለመደ ነው። ሰዉን የገረመው፣ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ወፍራም ሰዎችን እየለመነ መለካቱ ነው። የታመመ ሰው ሐኪም ይፈልጋል፤ ሐኪም ጤነኛ ሰው ሲፈልግ ግን በአገው ምድር አውራጃ ማንም አይቶ አያውቅም። "ወፍራም ፈላጊው" ብለው ስም አውጥተውለታል። ዳኛውም የመጡት ለጨዋታ ነበር፤ እርስዎ ካልተመዘኑ ማን ይመዘናል እያለ ሰዉ ጎትጉቷቸው።

"አሁን ደግሞ ክንድዎን ይስጡኝ ጌታዬ" አለ ደርበው።

ክንዳቸው ላይ የሚታሰረው ጨርቅ አልደረሰም። ሰዉ እንደገና ሣቀ። ደርበው ከሣጥኑ ለጭን የተሠራውን ሰፊ ጨርቅ አውጥቶ አሰረላቸው፤ ነፋው፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ በመስታወቱ ውስጥ የሚወርደውን ሜርኩሪ አየ። እንደገና ነፋ። ከዚያ ግራ ክንዳቸውን ጠየቀ። በሦስተኛው ጊዜ የሚሥቅ ሰው አልቀረም።

"ጌታዬ፣ ወደ ውስጥ እንግባ" አለ ቀስ ብሎ። "ባለቤትዎም ይምጡ።"

መጋዘኑ ውስጥ በጨው የታሸ ቆዳ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ሦስቱም በክምሩ መካከል ቆሙ።

"ራስዎን ያምዎታል?"

"አያመኝም።"

"ዳገት ሲወጡስ ይደክምዎታል?"

"ዳገት የምትወጣው በቅሎዬ ናት" አሉ ዳኛው። በራሳቸው ቀልድ ሊሥቁ ፈለጉ፤ የሐኪሙን ፊት ሲያዩ ተዉት።

"ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

ዋጋዬ ቀድማ መለሰች። "በሦስት ትራስ ነው የሚተኙት። ዝቅ ካሉ ያፍናቸዋል።"

"አባትዎ በሕይወት አሉ?"

"የሉም። አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ወድቀው በዚያው ቀሩ። ጠዋት ምንም አላመማቸውም ነበር። ቡዳ በልቷቸው ነው ተባለ።"

"ስንት ዓመታቸው ነበር?"

"ኀምሳ አልደፈኑም።"

"እንደ እርስዎ ወፍራም ነበሩ?"

"እንደኔ ነበሩ።"

"እርስዎስ ስንት ሆነዎት?"

"አርባ ሰባት" አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው ችሎት ላይ የሚታወቀው ድምፅ አልነበረም።

ደርበው ቃል መረጠ። "የልብ ሥራ ደም መግፋት ነው። የርስዎ ልብ ብዙ ነው የሚገፋው። በቅሎዎ ላይ በየዓመቱ አንድ ቁና እህል ቢጨምሩባት፣ ትሄዳለች። አትናገርም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ትተኛለች። ያን ጊዜ እህሉን ቢያወርዱላት አትነሣም። ጭነቱ የሚቀነሰው አሁን፣ ቆማ ሳለች ነው።"

"እኔን እኮ ምንም አላመመኝም።"

"እሱ ነው መልካሙ ነገር። ካመመዎ በኋላ ቢመጡ እኔ ብዙ የምሠራው የለኝም።" ከዚያ ወደ ዋጋዬ ዞረ። "ምን ይበላሉ እትዬ?"

ዋጋዬ መናገር ጀመረች። ጠዋት ገንፎ በቅቤ። ረፋድ ላይ ቂጣ በማርና በቅቤ። ምሳ የፍየል ወይም የበግ ወጥ፤ ቅዳሜና እሑድ ጥሬ ሥጋ ከነጮማው። ደርበው እየጻፈ ነበር። ብዕሩ በቆመ ቁጥር የሷም ድምፅ እየቀነሰ ሄደ፤ እራት ላይ ስትደርስ ለሹክሹክታ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

"ቅቤ ይቅር" አለ ሐኪሙ። "ጮማ ይቅር። ጨው በጣም ይቀነስ። እንጀራው በግማሽ ይሁን። በቅሎዋ ቤት ትዋል፤ በእግር ይሂዱ። ክኒን እሰጥዎታለሁ። በየወሩ ዳንግላ መጥተው ይለካሉ።"

የዋጋዬ ጆሮ ጋለ። "እኔ መርዝ ሳበላቸው ኖርሁ ማለትህ ነው?"

"አላልሁም። ስለሚወዷቸው እንዳደረጉት አያለሁ። ግን ወጡን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም። ከእንግዲህ የሚጠብቋቸውም እርስዎ ነዎት።"

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዳኛው በቅሎዋን አልወጡም፤ ልጓሟን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። ከቀርከሃው አጥር አጠገብ ሲደርሱ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ ላብ በአንገታቸው ይወርድ ነበር።

"ለማንም አትንገሪ" አሉ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ዳኛው ታሟል ከተባለ የሚፈራኝ የለም። ለእኅቴም ቢሆን አትንገሪ። ማዪልኝ።"

ዋጋዬ ማለችላቸው። ዳኛው ትንፋሻቸው እስኪመለስ መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩና፣ "አባቴን ቡዳ አልበላውም ዋጋዬ" አሉ።

ዐቢይ ጾም በሳምንቱ ገባ፤ ለምስጢራቸው ጥሩ መሸሸጊያ ሆነ። በጾም ቅቤና ሥጋ የሚጠይቅ የለም። ዳኛው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሲሄዱ ሰዉ ለንስሐ መሰለው፤ ምሳቸውን ትተው ሲውሉም እንዲሁ። ዋጋዬ ድንች በቁንጥር ጨው ትቀቅላለች፤ ጎመን በኑግ ዘይት ጠብታ ታቁላላለች፤ እንጀራውን ለሁለት ትቆርጣለች። መጀመሪያ መሶቡን በከፈተች ቁጥር ዕንባዋ ይመጣ ነበር። ባሏ ሲበሉ ማየት የለመደች ሴት ሲተዉ ማየት አቃታት። ዳኛውም ጉርሻው ሲያልቅ ሳህኑን እያዩ፣ "አለቀ እንዴ?" ይሉ ነበር፤ እንደ ሕፃን። ከዚያ ራሳቸው ያፍሩና ይነሡ ነበር።

በጾሙ እኩሌታ ዳንግላ ሄዱ። ደርበው ለክቶ ሲጨርስ ፊቱ በራ።

"የደም ግፊትዎ ሁለት መቶ አሥር ነበር። ዛሬ መቶ ሰባ ነው። ገና ብዙ ይቀራል፤ ግን ወርዷል።" ከዚያ ለዋጋዬ፣ "ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት" አላት።

ባልሽን አወፈርሽ ተብላ ተመስግና ታውቃለች፤ አከሳሽ ተብላ ስትመሰገን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ይምጡ" አለ ደርበው። "ክኒኑ እስከዚያ ድረስ ነው የሚበቃው። እንዳይቀሩ። ፈተናው ያኔ ነው።"

ሲመለሱ ዳኛው የጭነት መኪናውን እንጅባራ ሳይደርሱ አስቆሙት። የቀረውን መንገድ በእግር ሄዱ። ዋጋዬ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ቀረት ስትል፣ "ነይ እንጂ ከጎኔ" አሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቅሎ ተከትላ ነው የሄደችው። አሁን ትከሻ ለትከሻ ሄዱ። ዳኛው ስለ ጉግስ አወሩ፤ ስለሞተው ዳማ ፈረሳቸው፤ እሷን መጀመሪያ ያዩባት ቀን ከእናቷ ጋር በአገውኛ ምን እያለች እንደምትሥቅ ሳይገባቸው ስለ መቅረቱ። "ምን ነበር ያልሽው?" ብለው ጠየቋት። ዋጋዬ፣ "ይህ ቀጭን ሰውዬ ፈረሱ ላይ ነፋስ ይወስደዋል ነው ያልሁት" አለቻቸው። ዳኛው መንገዱ መካከል ቆመው ዕንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

በሕይወቷ ውስጥ ያን ቀን የመሰለ ቀን እንዳልነበራት ኋላ ላይ ነው የገባት።

የዳኛው ታላቅ እኅት የሻረግ ከአዘና የመጡት በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። እንደ ወንድማቸው ወፍራም ናቸው፤ ከበቅሎ ወርደው ደጁን እስኪሻገሩ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ሰበሰቡ። ወንድማቸውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ምን ሆነህ ነው? ኮትህ እኮ ዕንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስላል!"

"ጾም ነው እኅቴ።"

"እኔስ አልጾምሁም? እንዲህ ሆንሁ?"

የሻረግ በመንገድ የሰሙትን ሰምተው ነው የመጡት። ዳኛው የሳምባ ነቀርሳ ይዞታል የሚል አለ። ከሹመቱ ሊወርድ ነውና ሐሳብ ጨረሰው የሚል አለ። ባለጉዳዮች ችሎት ፊት ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ጀምረዋል ይባላል። የሻረግ ይህን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው ወጥ ቤት ገቡና ከምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ዋጋዬ ሁለት ድስት ጥዳ ነበር። ትልቁ ለእንግዳ ነው። ትንሹ ውስጥ ቅቤ የለም፣ ጨውም እንደሌለ ነው፤ ሽንኩርቱ በውሃ ነው የበሰለው። የሻረግ የትንሹን ድስት ክዳን ከፈት አድርገው አዩ።

"ይህ የማን ነው?"

"የሳቸው ነው እትዬ።"

"የወንድሜ?" ማንኪያውን ነክረው አሸተቱ። "በፋሲካ? ኀምሳ አምስት ቀን ለጾመ ሰው? ይህን ለውሻ ብሰጠው ዞር አይልም!"

ዋጋዬ አፏን ከፈተች፤ መሐላዋ ትዝ አላትና ዘጋችው።

"ተናገሪ እንጂ! ምን አደረገሽ? ምን በደለሽ?"

"ምንም አልበደሉኝም።"

"ታዲያ በቁሙ የምታደርቂው ለምንድን ነው? ሌላ ባል አስበሽ ነው?" ድምፃቸው እስከ ግቢው ተሰማ። በር ላይ ሽንኩርት የሚልጡት ጎረቤቶች እጃቸውን አቆሙ። "አገር ሁሉ ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ? ጓዳዋ ሞልቶ ባሏን በረሃብ ፈጀችው ነው የሚልሽ!"

ዋጋዬ ትንሹን ድስት አንሥታ ትልቁ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ የቅቤውን ቅል አወረደች። አንድ ጭልፋ፤ ሁለት፤ ሦስት። ቅቤው ቀልጦ በወጡ ላይ እንደ ወርቅ ሲንሳፈፍ፣ ሽታው ሁለት ወር ሙሉ የጠፋውን ጓዳዋን ሲመልስላት፣ ተገድዳ ብቻ እንዳላደረገችው ልቧ ያውቅ ነበር። ናፍቋት ነበር። "እጅሽ ይባረክ" መባል ናፍቋት ነበር። የሻረግ ባይጮኹባትስ ትተወው ነበር? ይህን ጥያቄ ያን ዕለት አልጠየቀችም፤ ኋላ ግን በየቀኑ ጠየቀችው።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ዳኛው በእንግዶቹ መካከል ተቀምጠው የመጀመሪያውን ጉርሻ አነሡ። አንዴ አላምጠው ቆም አሉ። ቀና ብለው ዋጋዬን አዩአት። ዋጋዬ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። የሻረግ የወንድማቸውን አፍ አፍ ያያሉ፤ እንግዶቹም እንዲሁ።

"እጅሽ ይባረክ" አሉ ዳኛው። እንጀራ ጨምረው ቆረሱ።

እንግዳው ሲሸኝ ዋጋዬ ተጠግታ፣ "ከነገ ጀምሮ ያለ ቅቤ እሠራለሁ" አለቻቸው።

"ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ" አሉ።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ከዚያ የሠርጉ ወር መጣ። ዳኛ የማይጠራበት ሠርግ የለም፤ የተጠራ ዳኛ ደግሞ ከፊቱ የቀረበውን አልበላም አይልም። የክኒኑ ዕቃ ባዶውን መደርደሪያ ላይ ቀረ። ኮታቸው እንደገና ሞላ፤ ሰዉም፣ "እሰይ፣ ዳንህ አያ ሀብቱ!" አላቸው። በቅሎዋ ተጫነች። ደርበው በጭነት መኪና ሾፌር አንድ ወረቀት ላከ፤ "ቀጠሮዎ አልፏል፣ እባክዎ ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ" ይላል። ዳኛው አንብበው አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት። ዋጋዬ፣ "መቼ እንሂድ?" ብላ ጠየቀች፤ ግን እንደሚፈልግ ሰው አጥብቃ አልጠየቀችም። ሄደው ሐኪሙ ቢለካ፣ ያደረገችውን ሜርኩሪው ይናገርባታል።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ማክሰኞ፣ ዋጋዬ ነጭ ሽንኩርት ስትፈለፍል፣ የችሎት ሰዎች ዳኛውን ለአራት ተሸክመው ደጅ ደረሱ። የግጦሽ ክርክር እየሰሙ ሳሉ ወንበራቸው ላይ ዘመም ብለው ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ጨብጠዋል።

"ደረቴ ላይ ሰው ቆመብኝ" አሉ።

የሻረግ ለዘመድ ሠርግ መጥተው እዚያው ነበሩ። "ደም በዝቶበት ነው! ዋግምት ጥሩ! ቀንድ የሚያስር ሰው ጥሩ!" ብለው ጮኹ። አንዱ ምላጭ ፍለጋ ሮጠ። ሌላው የዳኛውን ሸሚዝ መፍታት ጀመረ።

"ማንም እንዳይነካቸው!" አለች ዋጋዬ። በዚያ ግቢ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሷ ወጥቶ አያውቅም። "መኪና! የቢሻውን መኪና ጥሩልኝ!"

ቢሻው ቆዳውን አራግፎ መኪናውን አመጣ። ዋጋዬ ከኋላ ጭነቱ ላይ ፍራሽ አንጥፋ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ክረምቱ አፋፍ ላይ ስለነበር ጎርፍ ቦርቡሮታል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ዳኛው ያቃስታሉ። እሷ ራሳቸውን በሁለት እጇ ደግፋ ትይዛለች።

"ዋጋዬ።"

"አለሁ።"

"የፋሲካ ዕለት … ስቀምሰው ዐውቄዋለሁ።"

ዋጋዬ በነጠላዋ ጫፍ ላባቸውን ጠረገች።

"ዐውቄ ነው የበላሁት" አሉ ዳኛው። ትንፋሽ ሰበሰቡ። "እወቂልኝ። ዐውቄ ነው።"

ከዚያ በኋላ የተናገሩት አልነበረም። የአዲስ ቅዳም ጣሪያዎች ሲታዩ እጃቸው ከእጇ ላይ ተንሸራተተ። ዋጋዬ እጃቸውን መልሳ ያዘች። መኪናው ከተማዋን አልፎ ወደ ዳንግላ መንገዱን ሲይዝ ነው የሾፌሩን ክፍል ጣሪያ በመዳፏ የመታችው።

"አዙረው" አለች።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ከባንጃም ከአዘናም ፈረሰኛ መጣ፤ ውዴም ከጫግኒ መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። የሻረግ ያ የጾሙ ሰሞን ረሃብ ነው የጎዳው እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፤

ጓዳው ሙሉ ነበር ማሩ ቅቤው ፈሶ፣
ወንድሜ ተሸኘ በረሃብ ኮስሶ።

ሰዉ ሁሉ ሰማ። ዋጋዬም ሰማች፤ ራሷን አላነሣችም። ሐሰት እንደሆነ ከዚያ ለቀስተኛ መካከል የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ እውነቱ ደግሞ ከሐሰቱ የባሰ ነበር።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደርበው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከድንኳኑ ዳር አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ዋጋዬ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና ሌላ ሳትጨምር፣ "በፋሲካ ቅቤውን መለስሁት" አለችው። "ካልመለስሁት ይኖሩ ነበር?"

ደርበው ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። ውሸት ይቀለው ነበር።

"አላውቅም" አለ። "አለማወቄን ብቻ ነው የማውቀው። በመቶ ሰባም ሰው ይሞታል። ደግሞም ሌላ አሥር ዓመት የሚኖር አለ። እኔም ወረቀት ከምልክ ራሴ መምጣት ነበረብኝ።"

በግቢው ማዶ የሻረግ ከለቀስተኛ ጋር ቆይተው ወደ ቤት ሲያመሩ፣ ደጃፉ ላይ ያለችውን ሦስት ደረጃ ወጥተው መቃኑን ተደግፈው ቆሙ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ደርበው ዓይኑን አልነቀለም።

"እኅታቸው ናቸው?"

"አዎ።"

"ከአንድ አባት?"

"ከአንድ አባት፣ ከአንድ እናት።"

"ቢለኩ ጥሩ ነበር" አለ።

"እኔን ገዳይ ነው የሚሉኝ። አንተንማ ጭራሽ አይሰሙህም።"

ደርበው አልተከራከረም። "በገበያ ቀን እዚያው በረንዳ ላይ ነኝ" ብሏት ሄደ።

በሳምንቱ የሻረግ ወደ አዘና ሊመለሱ ተነሡ። ግቢው ውስጥ በቅሏቸው ተጭና ትጠብቃለች። ዋጋዬ ሌሊቱን የምትላቸውን ስታስብ አደረች፤ ሲነጋ ግን የተዘጋጀ ቃል አልነበራትም። እየጠቀለሉ ያሉትን ነጠላ ከእጃቸው ወሰደችና አጠፈችላቸው።

"እትዬ፣ ወንድምዎ በረሃብ አልሞቱም።"

"ተይኝ።"

"አልተውም። ሐኪሙ ደማቸውን ለክቶ ልባቸው እንደደከመ ነግሯቸው ነበር። አባታችሁም የሞቱት በዚሁ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው። ያ ባዶ ወጥ መድኃኒታቸው ነበር። ለማንም እንዳልናገር ስላስማሉኝ ነው እርስዎ ሲጮኹብኝ ዝም ያልሁት። ያን ቅዳሜ ድስቱን ገለበጥሁት። ከዚያ ወዲህ ወደ ባዶው ወጥም ወደ ሐኪሙም አልተመለስንም።"

የሻረግ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። ነገሩ በፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ነው የገባው።

"እኔ ነኝ ያስገደልሁት ነው የምትዪኝ?"

"ድስቱን የገለበጠችው የኔ እጅ ናት።"

"እኔ ነኝ ያልሁሽ!"

"እርስዎ አላወቁም። እኔ ዐውቅ ነበር።"

የሻረግ እጃቸውን አነሡ። ዋጋዬ ጥፊውን ጠበቀች፤ ፊቷን አላዞረችም። እጁ ግን አየር ላይ ቀረና ወረደ። ሴትዮዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ወጡ። ዋጋዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የበቅሎዋን ኮቴ ጠበቀች። ለምን ነገረቻቸው? ከእንግዲህ በአዘናም በእንጅባራም ስሟ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

ኮቴው ግን አልተሰማም። ብዙ ቆይታ ብቅ ስትል የሻረግ ከበቅሏቸው አጠገብ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ዕንባቸው በጉንጫቸው ላይ ደርቋል።

"እኔም በትራስ ነው የምተኛው" አሉ ወደ ዋጋዬ ሳያዩ። "በአራት ትራስ። ከዕድሜ ይመስለኝ ነበር።"

"ዛሬ ገበያ ነው" አለች ዋጋዬ። "ሐኪሙ አለ።"

"ይቅር ያልሁሽ እንዳይመስልሽ።"

"አልመሰለኝም።"

"አባቴ … ወንድሜ …" የሻረግ አልጨረሱትም። ትልልቅ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት። "ብቻዬን አልሄድም። ቢነግረኝ የምሰማበት ጆሮ የለኝም።"

የዳኛው አርባ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት አርባው ሳይወጣ ከግቢዋ ወጥታ ገበያ መካከል ስትታይ፣ በዚያ አገር ማንም ዝም አይልም። ድንኳኑን የሚያፈርሱት ጎረቤቶች ከወዲሁ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። አንዷ፣ "ኧረ ዋጋዬ፣ ነውር ነው፤ ውዴን ላኪያት" አለች።

ዋጋዬ ወደ ቤት ገብታ ጥቁር የተነከረ ነጠላዋን ለበሰች። ስትወጣ በቅሎዋን ፈትታ ኮርቻውን አወረደችና ወደ በረት መራቻት። ከዚያ ለየሻረግ ክንዷን ዘረጋችላቸው።

"በእግር ነው የምንሄደው እትዬ" አለች። "በደከመዎ ቦታ ሁሉ እንቆማለን።"